አባቴን ሳስጎበኝ

ልጅ እግሩ ሐኪም የአባቴን ዓይን በመሣሪያው ደጋግሞ አየና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «አባባ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ይዩት» አለው። በሽታው ግላኮማ ነው። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መጥቶ የቀረችው በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ያለች አንዲት ቀዳዳ ናት፤ እሷም ትዘጋለች። ጠብታው ያዘገየው እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልሰውም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሲናገር እኔ በሆዴ እየተሳደብኩ ነበር። ምን አጠፋ? ምንም። እውነቱን በጨዋ ደንብ ነው የነገረን። ግን አንድ ሰው መሰደብ ነበረበት፤ ከፊቴ የተገኘው ደግሞ እሱ ነው።

አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ፣ አመስግኖ ወጣ። ከሆስፒታሉ በር ደረስን። በሩ ላይ ክንዴን ጠበቅ አደረገና፣ «እንግዲያው ጎርጎራ ውሰጂኝ» አለኝ።

ለምን ጎርጎራ እንዳለ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አባቴ በልጅነቱ ጎርጎራ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ባለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። እዚያ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበት የጥንት ሥዕል አለ። ካህናቱ ሲጸልዩ እሱ ጧፍ ይዞ ከሥዕሏ ፊት ይቆም ነበር። ከዚያ አስኳላ ገባ፣ መምህር ሆነ፣ ጎንደር ከተማ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ በጡረታ ተገለለ። የዓለምን ወንዝና ተራራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥል ያረጀ ሰው፣ በመኪና ረፋድ ላይ ወደሚደረስባት ጎርጎራ አንድ ቀን አልተመለሰም። የተጣላው ሰው ኖሮ አይደለም። ቅርብ ስለሆነች ነው። ቅርብ ያለውን ነገር ነገ እደርስበታለሁ ሲሉ ዕድሜ ያልቃል። እናቴ የሞተች ሰሞን ብቻ፣ ለቅሶ ደራሹ ተሰነባብቶ ከሄደ በኋላ፣ «የጎርጎራዋን ፊት ባየው ይቀለኝ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ይበልጥ የሚያንገበግበው የእኔ ሥራ ነው። አስጎብኚ ነኝ። አገራቸውን ካርታ ላይ አሳዪ ብባል የማላገኝላቸው ሰዎች በእኔ መሪነት ጎርጎራ ወርደው ያቺን ሥዕል ፊት ለፊት ቆመው አይተዋል። አንዳንዶቹ አይተው ሲያበቁ ምሳ የት እንደምንበላ ነው የጠየቁኝ። አባቴ ያን ጊዜ እቤት ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል።

እሺ አሁን ልውሰደው ስል ደግሞ መንገድ የለም። በየገጠሩ ተኩስ ነበር። ጠዋት «ተከፈተ» ይባላል፣ ቀትር ላይ «ተዘጋ» ይባላል፤ ከከተማ የወጣ ሰው በሰላም ለመመለሱ ዋስ የለውም። እንግዳ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ መጀመሪያ በወረርሽኙ፣ ቀጥሎ በጦርነቱ፣ አሁን ደግሞ በዚህኛው። ሆቴሎቹ አልጋ አንጥፈው ማንን እንደሚጠብቁ እነሱም አያውቁም። የሙያ ጓደኞቼ ገሚሱ አገር ጥለው ሄደዋል፤ ገሚሱ ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ አንድ ሻይ ይዘው ይውላሉ። እኔ ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን እወለውላለሁ፤ ከዚያ የምሄድበት የለኝም። ያን ሰሞን ሰው «ያልፋል» ሲለኝ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምሰማው። አያልፍም ብዬ ነበር የማምነው፤ ዛሬም ብዙ አልተለወጥኩም።

«ጎርጎራ እስኪከፈት እዚሁ ያለውን ልየው» አለ አባቴ። ስለዚህ አባቴን ማስጎብኘት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ፋሲል ግቢ ሄድን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአጥሩ ሥር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ወደ ውስጥ የገባው ግን ተማሪዎቹን ይዞ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የሚያየው ግንቡን ሳይሆን ማን ግድግዳ ላይ እንደወጣና ማን ከማን እንደተደባደበ ነው። ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ በራ። እንግዳ ይዤ የመጣሁ መስሎት ነበር። «አባቴ ነው» ስለው እንደመክፋት ብሎት፣ «ምነው፣ እሱስ ሸጋ አይደል» ብሎ በሩን ከፈተልን።

ከዋናው ግንብ ፊት ስንቆም አፌ ራሱን ችሎ ተነሣ። ማን እንዳሠራው፣ በምን ድንጋይና በምን ኖራ እንደተሠራ፣ ሰገነቱ ላይ ሆኖ እስከ የት ድረስ እንደሚታይ አወረድኩት። አባቴ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ይኼን ለፈረንጆቹ ንገሪ። ግንቡ የት ነው ያለው?» አለኝ። ፊት ለፊቱ ነበር።

ያቺ ቀዳዳ ትልቅ ነገር አታሳይም። አንድ ድንጋይ ያያል፤ ራሱን ዘወር ያደርግና ሌላ ድንጋይ ያያል። ትኋን የሚፈልግ ሰው ግድግዳ እንደሚያስሰው ግንቡን ከታች ጀምሮ አሰሰው። መስኮት ሲያገኝ «ይኸው መስኮት!» ይላል፤ ወዲያው መስኮቱ ከእጁ እንዳመለጠ ነገር ይጠፋበታል። በመጨረሻ፣ «ግንቡን አላየሁትም። ድንጋዮቹን ግን አንድ በአንድ ተዋውቄያቸዋለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ፣ ዕቃ እያጠብኩ ነው።

ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት እንግዳ በፈለገው በር ቢገባ የሚከለክለው የለም። አባቴ ግን እንግዳ አይደለም። «እኔ በወንዶች በር፣ አንቺ በሴቶች በር» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ግድግዳውን እየዳበሰ ለብቻው ገባ፤ እኔ ዞሬ በሌላው በር ሮጬ ገብቼ መሐል ላይ ተቀበልኩት። እዚያ ጣራው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ሁሉም ቁልቁል ያያሉ። ጎብኚ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚያደርገው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጣራውን ያያል። አባቴም እንደዚያው አደረገ።

«አንዱን አገኘሁት» አለ ከቆየ በኋላ። «ጠፋ። ... ሌላ አገኘሁ። የቅድሙ ነው ወይስ ሌላ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ አባዬ። ሁሉም ይመሳሰላሉ።»

«አይመሳሰሉም» አለኝ ተቆጥቶ። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። «እነሱ ሁሉ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ግን አንድ በአንድ እንደ ሌባ ልሰርቃቸው ነው? ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» በር ላይ የነበረው ዲያቆን ዞር ብሎ አየን። ከአባቴ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ወዲያው አፈረና ሦስት ጊዜ አማትቦ፣ «እንሂድ» አለኝ።

ቁስቋም፣ የጥንቷ እቴጌ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወዳለበት ተራራ፣ በወጣንበት ቀን አንድ ነገር ታወቀኝ። ከፈረሰው የእቴጌዋ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸ መስቀል አለ። መስቀሉን አሳየሁት። በዓይኑ ከመፈለግ ይልቅ እጁን ዘርግቶ ዳበሰው፤ ጣቱን በጠርዙ ላይ አስኬደና፣ «አየሁት» አለ። ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነበር። አባቴ በእጁ ማየት ለምዶ ነበር፤ እኔ አጠገቡ እየኖርኩ አላወቅኩትም።

ከዚያ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ሄድን። ከጥምቀት ወር ውጭ ገንዳው ባዶ ነው፤ በዙሪያው ያሉት የዋርካ ሥሮች የአጥሩን ድንጋይ አንቀው ይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከአንዱ ሥር አጠገብ አስጠጋሁትና ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ተከተለው፤ ካርታ ላይ ወንዝ ከምንጩ እስከ መድረሻው እንደሚከተል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። እንደገና እዚያው ቆመ። «የት እንደሚገባ አጣሁት» አለኝ። ሥሩ የትም አልገባም፤ ዓይኑ ነው የደከመው። ባለፈው ወር መልአክ ያየ ሰው ዛሬ ሥር መከተል አቃተው። ጎርጎራ ቶሎ ካልተከፈተ አለቀልን ብዬ አሰብኩ፤ ለማን እንደምጮህ ግን አላውቅም። መንገድ ለሚዘጋና ለሚከፍት ሰው የአንድ ሽማግሌ ዓይን ምኑ ነው?

የተደወለልኝ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ደዋዩ በደህናው ጊዜ እንግዶቼን ይዞልኝ ይወጣ የነበረ ሹፌር ነው። «የጎርጎራ መንገድ ተከፍቷል። ነገ ማለዳ ሰው ጭኜ እወርዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። እዚያ አላድርም፤ የቀረ ቀረ» አለኝ። ለአባቴ ስነግረው ፊቱን ታጠበ። ጢሙን ተላጨ፣ ነጭ ጋቢውን ከሣጥን አስወጣ።

ጠዋት ላይ ቁርስ ብዬ ብለምነው፣ «ልሳለም እየሄድኩ እህል አልቀምስም» አለኝ። ውኃም አልጠጣም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጥኩት። ከአዘዞ ወጥተን የደምቢያን ሜዳ ስንያያዘው ፀሐይ ወጣች። መሬቱ ታርሶ ጥቁር ብሏል፤ አንዳንዱ ማሳ ግን ጾም አድሮ አረም ወርሶታል። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያያል። በዚያ መንገድ ላይ ያን ሰሞን ወሬ የሚያወራ አልነበረም።

ኮላ ድባ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስወረዱን። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ተፈተሹ። የአባቴን ጋቢ የሚዳስሰው ጠመንጃ ያነገተ ወጣት፣ «አያ፣ በዚህ ጊዜ ወዴት ነው?» አለው።

«ማርያምን ላያት።»

«ሊሳለሟት ማለትዎ ነው?»

«አይ፣ ላያት ነው» አለ አባቴ። ወጣቱ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ ከዚያ ክንዱን ደግፎ ወደ መኪናው መለሰው።

ጎርጎራ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ማለት ጀምራ ነበር። ከተማዋ ጭር ብላለች። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረዋል፣ የባሕሩን ዳር እምቦጭ የሚሉት አረም አረንጓዴ ምንጣፍ አስመስሎታል። ከአረሙ ወዲያ ግን ውኃው በጠዋት ፀሐይ ያንጸባርቃል። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ራሱን ወደ ብርሃኑ አዞረና ደርቆ ቀረ።

«አየሁት!» አለ። «ሐይቁን አየሁት! ይኸው፣ ያብለጨልጫል!» ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። አባቴን እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። በልቤ፣ በቃ አገኘናት አልኩ። ይህ ብርሃን ካለ እሷንም ያያታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ስንደርስ አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ዛሬ ሰው ጫማውን የሚያወልቀው ሕንጻው በር ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ እስከዚያ ድረስ በጫማ ይኬዳል። ነገርኩት። «በእኛ ጊዜ ከዚህ ነው» አለኝ። ካልሲውንም አወለቀ። ከዚያ እጄን ከክንዱ ላይ አነሣ። «ልቀቂኝ። እዚህ ግቢ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ።»

ልቀቂኝ ሲለኝ ለቀቅኩት። ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ባለቤት ሄደ። እሱ ያወቀው ግቢ ሌላ ነው። የግቢው ሾላ ዛፍ እሱ ልጅ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ አርጅቶ፣ ሥሩን መንገዱ ላይ ዘርግቷል። አባቴ ሳያየው በሙሉ ኃይሉ ሥሩን በእግሩ አውራ ጣት መታው። አልወደቀም። «እመቤቴ!» ብሎ ቆመ። ሮጬ ስደርስ የጣቱ ጥፍር ተገንጥሎ ደሙ በድንጋዩ ላይ ይወርድ ነበር።

ቁልፍ ያዡ ቄስ ከቤታቸው ወጥተው መጡ። ከእንግዶቼ ጋር ስመላለስ ያውቁኛል። በሩን ከፍተው፣ «ቶሎ ግቡ፤ ፀሐዩ በምሥራቁ በር ሲገባ ነው ሸጋ ሆና የምትታየው። ረፈድ ሲል ይዞራል» አሉ። ከዚያ የአባቴን እግር አዩ።

«እየደማሁ አልገባም» አለ አባቴ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። ደም የሚፈሰው ሰው ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ሴት ሆኜ አድጌ ይህን የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም። እንግዳ ይዤ መጥቼ ራሴ ውጭ ቆሜ፣ «እናንተ ግቡ፣ ቄሱ ያሳዩአችኋል» ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስለ ደንቡ አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት ስለ ሰዓቱ ነው። ነጠላዬን ቀድጄ እግሩን አሰርኩት። ነጠላው ወዲያው ቀላ። አባቴ ለልቡ ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይወስዳል፤ ምላጭ ቢነካው እንኳ ጢሙን እየተላጨ ግማሽ ጠዋት የሚደማ ሰው ነው።

ቄሱም ሊረዱን ፈለጉ። «አያ፣ በደንብ ከታሰረና ወደ መሬት ካልወረደ፣ ከበሩ ቅርብ ሆነው ቢያዩ...» አሉ።

«አባ፣ እርስዎ አዝነውልኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደሙ ይቁም» አለ አባቴ፤ ሾላው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። ቄሱ እያሉ ጮህኩበት። «ማርያም ደም አይታ አታውቅም? የልጇ ደም ሲፈስ ከመስቀሉ ሥር ቆማ አይታ የለም እንዴ? ባንተ አውራ ጣት ነው የምትጸየፈው? አባዬ፣ ፀሐዩ እየሄደ ነው!»

አባቴ አልተቆጣኝም። እግሩን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ «እሷን ተያት። ከፊቷ የቆምኩት ልጅ ሆኜ፣ ንጹሕ ሆኜ ነው። አሁንም እንደዚያው ነው የምፈልገው። አንቺ ግቢና ተሳለሚ፤ እኔ እመጣለሁ» አለኝ።

ገባሁ። ምን ላድርግ? ቄሱ ሥዕሏን የጋረደውን መጋረጃ ከፈቱልኝ። ብርሃኑ በምሥራቁ በር ገብቶ ቀጥታ ፊቷ ላይ አርፎ ነበር። እዚህ ቦታ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ግን የአስጎብኚ ነገር፣ ሁልጊዜ ጀርባዬን ለሥዕሉ ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ እንግዶቹ አዙሬ ነው የማወራው። እሷን ደኅና አድርጌ ያየኋት ያን ቀን ነው። ትላልቅ ዓይኖቿ ወደ ጎን ያያሉ፤ ሰው ከኋላዋ ጠርቷት ልትዞር ስትል የተያዘች ይመስላል። ልጁ በአንድ እጁ ልብሷን ጨብጧል። ፊቷ ላይ ኀዘን አለ፣ ግን የሚያስጨንቅ አይደለም፤ አባቴ ይህን ፊት እናቴ በሞተች ጊዜ ለምን እንደፈለገው ገባኝ። ግድግዳው ላይ ግንባሬን ደገፍኩና፣ ደሙን አቁሚለት አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቅኋትም።

ቄሱ መጋረጃውን መልሰው ሲዘጉት ወጥቼ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ዓይኗ...» ብዬ ስጀምር እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

«እንዳትነግሪኝ። ራሴ ነው የማየው።»

ተቀመጥን። ቄሱ ጠበል አምጥተው እግሩ ላይ አፈሰሱለት። ጨርቅ ቀየርን፤ ደግሞ ቀየርን። ጣቱን በእጄ አፍኜ ይዤ ፀሐይቱ ከሾላው ቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ስትሻገር አያለሁ። የጸሎት መጽሐፌን አውጥቼ ነበር፤ አንድ መስመር አላነበብኩም። አባቴ ግን ተረጋግቶ ስለ ልጅነቱ ያወራልኛል። በዚያ በኩል የተማሪዎቹ ጎጆ እንደነበረ፣ ማታ ማታ የጉማሬ ድምፅ ይሰማ እንደነበር፣ ጧፍ ይዞ ሲቆም እንቅልፍ ጥሎት የካህኑን ጥንግ ድርብ ልብስ ሊያቃጥል ደርሶ እንደነበር። ይስቃል። እኔ ሰማዩን አያለሁ። ከሐይቁ ማዶ ደመና ተነሥቶ ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ የሰኔ ደመና ነው፣ ሲመጣ አያመነታም።

ሹፌሩ ደወለ። «ዝናብ ሳይይዘን እንውጣ፤ ኬላውም ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል እያሉ ነው» አለኝ። ትንሽ ብዬ ለመንኩት። ደግሞ ደወለ። ከአጥሩ ውጭ ጥሩምባ ሲያሰማና የተቀሩት ተሳፋሪዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። ፀሐይዋ ከደመናው ገባች። ግቢው በአንዴ ደበዘዘ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት በእጁ ጣት ዳበሰ። የዳበሰበትን ጣት በሌላው ጣት አሻሸው። ደጋግሞ አሻሸው። «ደርቋል» አለ። አየሁት፤ እውነትም ቆሟል።

ተነሣ። ጋቢውን መስቀልያ አጣፋ። ከበሩ ሲደርስ መቃኑን በእጁ ፈልጎ አገኘው፤ ግራውን ሳመ፣ ቀኙን ሳመ፣ ደፉን ሊስም ወደ መሬት ዝቅ አለ። ሲነሣ ደገፍኩት። ውስጡ ጨለም ብሎ ነበር። በምሥራቁ በር የሚገባው ብርሃን አመድማ ነው፤ ቅድም ፊቷን ያበራው ፀሐይ የለም። ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት አቆምኩት። በልጅነቱ ጧፍ ይዞ የቆመበት ቦታ የት እንደሆነ ጠየቀ፤ ቄሱ በክንዱ ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አስጠጉት።

ቄሱ መጋረጃውን ወደ ጎን ሳቡት። ከዚያ ወዲያ የማደርገውን እኔም አላሰብኩበትም። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ፣ ቀለሙን ይጎዳል እያልኩ ሰው በሥዕል ላይ መብራት እንዳያበራ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቄሱ አይተው አልተቆጡኝም። ብርሃኑን ቀጥታ ፊቷ ላይ አደረግሁት። ዓይኗ በራ፤ የልጁ እጅ፣ የልብሷ ጠርዝ፣ ሁሉም ወጣ። እኔ አባቴን ነበር የማየው። ራሱን ወደ ግራ ትንሽ ዘወር አደረገ። ወደ ቀኝ መለሰው። አገጩን ከፍ አደረገ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንደ ዲያቆን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ይጠብቅ ጀመር።

ከውጭ የዝናቡ የመጀመሪያ ጠብታዎች ጣራው ላይ ተሰሙ።

«አባ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ» አለ አባቴ በትሕትና። «መጋረጃውን ይክፈቱልኝ።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ አላነሣሁም። ቄሱ እጃቸውን ወደ መጋረጃው መለሱ። መጋረጃውን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት፤ ከዚያ ቀለበቶቹ በሽቦው ላይ እየተንኳኩ እንዲሄዱ አድርገው እንደገና ከፈቱት።

አባቴ ድምፁን ሰማ። ጠበቀ። ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ውጭ ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ፊቱን ወደ ሥዕሏ እንዳደረገ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣

«ቅድምም ተከፍቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ይዝጉት» አለ።